ሃዴስን አፋር ላይ ማን አስቀመጠው?

ነገሩ የጀመረው በስጦታ ነው። ከመካከላችን የአንዱ አክስት ከውጭ አገር ስትመጣ «ለቤትህ ማስጌጫ ይሆንሃል» ብላ አንድ ክንድ የማይሞላ ሐውልት ይዛለት መጣች። ሐውልቱ ነሐስ ይመስላል እንጂ ነሐስ አይደለም፤ በቅርጽ ማውጫ የፈሰሰ፣ ቀለም የተቀባ፣ በየሱቁ ተደርድሮ የሚሸጥ ዓይነት ነው። ጢሙን ያንዠረገገ ሰውዬ ቆሟል። በአንድ እጁ በትር ይዟል፤ አናቱ ላይ የእህል መስፈሪያ የመሰለ ነገር ደፍቷል፤ ከእግሩ ሥር ሦስት ራስ ያለው ውሻ ቁጭ ብሏል። መቼም ስጦታ አይጣልም፤ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆመ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ሰላም አጣ። የመጣ እንግዳ ሁሉ «ይኼ ደግሞ ማነው?» ይላል። «ሃዴስ ነው» ስንለው «ሐዲስ ዓለማየሁ?» ብሎ የጠየቀን አለ። (ደራሲያችን ይቅር ይበሉን።) ሌላው ደግሞ «አውቀዋለሁ፣ የፊልሙ ሰውዬ ነው» ይላል። አከራያችን እማማ ግን ማንነቱን አስረድተን ሳንጨርስ አማተቡና «ልጆቼ፣ እኔ ለሲኦል ገዥ ቤት አላከራይም» ብለው ነገሩን ቋጩት።

በዚያው ሳምንት ለሥራ ወደ ሰመራ መሄድ ነበረብን። ጓደኞቻችን ይህን ሲሰሙ ምን አሉን መሰላችሁ? «ሲኦል ልትወርዱ ነው በሉኛ!»

በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሲኦል ተጠራብን። አንዱ ከቴሌቪዥናችን ጎን የቆመ፣ ሌላው አዋሽን ተከትለን የምንሄድበት አገር። እኛም መንገድ ላይ «ቆይ፣ እነዚህን ሁለቱን ማን አገናኛቸው?» ብለን ተነሳን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ጥያቄ ውጤት ነው። (ዓመቶቹ «ዓ.ም.» ካልተባሉ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስም አይጠሬው

የግሪኮች ተረት እንደሚለው ሦስት ወንድማማች አማልክት ዓለምን በዕጣ ተካፈሉ። ለዜውስ ሰማይ ደረሰው፤ ለፖሲዶን ባሕር፤ ለሃዴስ ደግሞ ከምድር በታች ያለው የሙታን አገር። ሃዴስ ሰይጣን አይደለም። ሰውን አያስትም፣ አይፈትንም፣ እሳት ላይም አይጠብስም። የሙታን አገር ንጉሥ ነው፤ የሞተ ሁሉ፣ ደጉም ክፉውም፣ ወደ እሱ ይወርዳል። ሥራው በሩን መጠበቅ ነው፤ የገባ እንዳይወጣ። ባለ ሦስት ራሱ ውሻ ኬርቤሮስም የተቀመጠው ለዚሁ ነው።

ታዲያ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ግሪክን በሐውልት ያጥለቀለቁት እነዚያ ሰዎች ለሃዴስ ሐውልት መሥራት አይወዱም ነበር። ቤተ መቅደስም እንደዚያው። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግሪክን በእግሩ የዞረው ጸሐፊ ፓውሳንያስ፣ ሃዴስን የሚያመልኩት የኤሊስ ሰዎች ብቻ እንደሆኑ፣ እነሱም ቤተ መቅደሱን በዓመት አንዴ ብቻ እንደሚከፍቱት፣ ያን ጊዜም ከካህኑ በቀር ማንም እንደማይገባ ጽፏል። ለመሬት ውስጥ ኃይሎች መሥዋዕት ሲያቀርቡ ጥቁር በግ ያርዳሉ፤ ሲያርዱም ፊታቸውን ያዞራሉ። (ጥቁር በግ የሚለውን ስታነቡ ፈገግ ያላችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን።)

ስሙንም አይጠሩትም። እኛ «ስም አይጠሬ» እንደምንለው ማለት ነው። በስሙ ፈንታ ያወጡለት መጠሪያ «ፕሉቶን» ይባላል፤ ትርጉሙ «ባለጸጋው»፣ «ሀብት ሰጪው» ነው። ለምን ቢሉ፣ ሀብት ሁሉ ከመሬት ውስጥ ነው የሚወጣው። እህሉ ከአፈር ሥር ይበቅላል፤ ብሩና ወርቁ ከጉድጓድ ይቆፈራል። ፈላስፋው ፕላቶን ይህንኑ ትርጉም ጠቅሶ፣ ሰዎች «ሃዴስ» የሚለውን ስም ፈርተው ነው «ፕሉቶን» የሚሉት ብሏል።

እንግዲህ የእኛ ሐውልት አናቱ ላይ የእህል መስፈሪያ የደፋው በከንቱ አልነበረም። ይህን ነገር ያዙልን፤ አፋር ስንደርስ እንመለስበታለን።

ከእስክንድርያ የመጣው መልክ

ግሪኮች ሐውልቱን ካልወደዱት ታዲያ ይህ መልክ ከየት መጣ? መልሱ ለእኛ ቅርብ ነው፤ ከግብፅ።

ታላቁ እስክንድር ከሞተ በኋላ ግብፅን የያዘው ቀዳማዊ በጥሊሞስ (ፕቶሎሚ) ግሪኩንም ግብፃዊውንም የሚያስማማ አምላክ ያስፈልገው ነበር። ጸሐፊው ፕሉታርክ እንደተረከው ንጉሡ አንድ ግዙፍ ሐውልት በሕልሙ አየ፤ ሐውልቱ ጥቁር ባሕር ዳር ካለችው ከሲኖፔ ከተማ ተገኝቶ ወደ እስክንድርያ መጣ። አዋቂዎቹ ውሻውንና እባቡን አይተው «ይኼ ፕሉቶን ነው» አሉ፤ ስሙ ግን በግብፅ «ሴራፒስ» ተባለ። ሴራፒስ ከግብፃውያኑ የሙታን ጌታ ከኦሲሪስ ጋር የተዳቀለ ሃዴስ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። አናቱ ላይ መስፈሪያ፣ ከጎኑ ኬርቤሮስ። ከቴሌቪዥናችን ጎን የቆመው ሰውዬ ቁርጥ እሱን ነው። በቀርጤስ ደሴት በጎርቲን ፍርስራሽ ተገኝቶ ዛሬ በሄራክሊዮን ሙዚየም የቆመ የሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእብነ በረድ ሐውልት አለ፤ በአንድ በኩል ሃዴስ-ሴራፒስ፣ በሌላ በኩል ሚስቱ ፐርሰፎኔ-ኢሲስ፣ መሃላቸው ውሻው። የእኛው የዚህ ዓይነት ሐውልት የልጅ ልጅ ልጅ ነው።

በእስክንድርያ ለሴራፒስ ታላቁን ቤተ መቅደስ ያሠራው ሦስተኛው በጥሊሞስ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ246 እስከ 222 የነገሠው። ይህን ንጉሥ አትርሱት፤ በአዱሊስ በኩል ተመልሶ ይመጣል።

ያ ቤተ መቅደስ የፈረሰው በ391 ገደማ፣ በሊቀ ጳጳሱ በቴዎፍሎስ ዘመን ነው። አንድ ወታደር መጥረቢያ አንስቶ የሐውልቱን መንጋጋ እንደመታ የጻፈልን ሩፊኖስ ይባላል። ሩፊኖስ ደግሞ ለእኛ ሌላ ባለ ውለታ ነው፤ ፍሬምናጦስ፣ ማለትም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፣ በልጅነቱ ወደ አክሱም እንዴት እንደደረሰና በኋላም በእስክንድርያ በአትናቴዎስ እጅ ጳጳስ ሆኖ እንዴት እንደተሾመ የተረከው በዚያው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ መጽሐፉ ነው። ልብ በሉ፤ አባ ሰላማ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስክንድርያ ሄዶ ሲሾም ያ የሃዴስ ሐውልት ገና ከተማዋ ውስጥ እንደቆመ ነበር።

የቀረው ሦስተኛ ወንድም

አሁን ወደ ቀይ ባሕር እንምጣ። አዱሊስ የአክሱም መንግሥት ወደብ ናት፤ ፍርስራሿ ዛሬ በኤርትራ፣ በዙላ ባሕረ ሰላጤ አጠገብ ይገኛል፤ ከደናክል በረሃ ሰሜናዊ ጫፍ ብዙም አይርቅም። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ዓፄ ካሌብ ወደ ሂምያር ሊዘምቱ ሲዘጋጁ፣ ኮስማስ የተባለ የግብፅ ነጋዴ እዚያ ደርሶ ነበር። ንጉሡ በከተማዋ መግቢያ ያለውን ጽሑፍ ገልብጣችሁ ላኩልኝ ባሉት መሠረት ኮስማስና ጓደኛው ሜናስ ገለበጡት። ሁለት ነገር ነበር፤ አንዱ የሦስተኛው በጥሊሞስ የድንጋይ ጽሑፍ፣ ሌላው ስሙ ያልተጠቀሰ የአክሱም ንጉሥ ያስጻፈበት የነጭ እብነ በረድ ዙፋን። ዋናዎቹ ዛሬ የሉም፤ የቀረን የኮስማስ ግልባጭ ነው።

የበጥሊሞስ ጽሑፍ ንጉሡ ለጦርነት የሚሆኑ ዝሆኖችን ከዚህ አካባቢ እንዳስያዘ ይናገራል። የሴራፒስን ቤት ያሠራው ሰውዬ እጁ እስከ እኛ ጫፍ ደርሷል ማለት ነው።

የአክሱሙ ንጉሥ ጽሑፍ ግን ከዚያ በላይ ይገርማል። ድሉን ከዘረዘረ በኋላ በአዱሊስ ለዜውስ፣ ለአሬስና ለፖሲዶን መሥዋዕት እንዳቀረበ ይናገራል። ቁጠሯቸው። ዜውስ አለ፤ ፖሲዶን አለ፤ ሦስተኛው ወንድም የለም። በቦታው የጦርነቱ አምላክ አሬስ ገብቷል፤ የአክሱም ነገሥታት «አባታችን» የሚሉት፣ በግዕዝ ስሙ ማሕረም። ሃዴስ እዚህ ምንም ድርሻ አልተሰጠውም።

የሙታን አገር ሽታ ግን ከዙፋኑ አልጠፋም። ኮስማስ እንደጻፈው በዙፋኑ ጀርባ ሄራክለስና ሄርሜስ ተቀርጸው ነበር። ሄራክለስ በተረቱ ከሙታን አገር ወርዶ ኬርቤሮስን ጎትቶ ያወጣ ጀግና ነው። ሄርሜስ የሙታንን ነፍስ እየመራ የሚያወርድ መልእክተኛ ነው። ሁለቱ ተጓዦች ግን ምን ሊወክሉ እንደተቀረጹ ነው ያከራከረው። ሜናስ «ሄራክለስ የኃይል፣ ሄርሜስ የሀብት ምልክት ነው» ሲል፣ ኮስማስ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14 ሰዎች ጳውሎስን ሄርሜስ ያሉት ተናጋሪ ስለነበር መሆኑን አስታውሶ «የለም፣ የንግግር ምልክት ነው» አለው። ሁለት ነጋዴዎች በአዱሊስ ሐሩር ሐውልት ፊት ቆመው ይከራከራሉ። ከእኛ ሳሎን በምን ይለያል? ደግሞም በኮስማስ ዘመን ሞት የተፈረደበት ሰው የሚገደለው በዚያ ዙፋን ፊት ነበር።

«አክሱም ሐውልት ሲባል ድንጋይ ብቻ ነው» የሚል ካለ ደግሞ ይስማ። ዒዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ስለ ቤጃ ዘመቻው ባስጻፈው የግሪክኛ ጽሑፍ፣ ለአሬስ አንድ የወርቅ፣ አንድ የብርና ሦስት የነሐስ ሐውልት እንዳቆመ ይናገራል። ከእነዚህ አንዱም አልተገኘም። የሊትማን የጀርመን ቡድን በ1906 አክሱም ላይ ያገኘው ግን አንድ የድንጋይ መቆሚያ አለ፤ የሐውልቱ እግሮች የገቡበት ጉድጓድ 92 ሳንቲ ሜትር ርዝመት አለው። እግሩ ይህን ያህል የሆነ ሐውልት ቁመቱን ገምቱት።

አክሱሞች ለመሬትስ ምን አሉ? በሌላው የዒዛና የግዕዝ ጽሑፍ ዙፋን የተሰጣቸው ዐስተር፣ ብሔርና ምድር ናቸው። ምድር! ዛሬ በየቀኑ የምንጠራት፣ የምንረግጣት ምድር አንድ ጊዜ አምላክ ነበረች። ከመሬት በታች ጨለማ ንጉሥ ከማስቀመጥ መሬቷን ራሷን ማክበር መረጡ ብንል ያስኬዳል።

ታዲያ ሲኦል ከየት መጣ?

ከትርጉም። መጽሐፍ ቅዱስ ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክኛ ሲመለስ ተርጓሚዎቹ «ሼኦል» የሚለውን የሙታን አገር ስም «ሃዴስ» አሉት። ወደ ግዕዝ የመለሱት አባቶች ደግሞ ከግሪክኛው ሲተረጉሙ «ሃዴስ» የሚለውን አልወሰዱም፤ የጥንቱን የሴም ቃል መልሰው «ሲኦል» አሉ። ሃዴስ በራችን ድረስ መጥቶ ስሙን ሳያስመዘግብ ተመለሰ ማለት ነው። ሲኦል በመጀመሪያ ትርጉሙ የሙታን መኖሪያ እንጂ የእሳት ቦታ አልነበረም፤ የእሳቱ ቃል ገሃነም ነው፣ ኢየሩሳሌም አጠገብ ካለ የሄኖም ሸለቆ የተወሰደ። እኛ በአፋችን ሁለቱን ቀላቅለን ሙቀት ባየን ቁጥር «ሲኦል» እንላለን።

አማልክቱም ቃሉም በዚህ መንገድ መጡ። አንዳቸውም ግን አዋሽ ሸለቆ ላይ ሲኦልን አላስቀመጡም። እሱን ያመጣው ባቡሩ ነው።

አዋሽ ጣቢያ፣ 1928

ከጂቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። አዋሽ ሰባት ኪሎም የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱን ከሠሩትና በየጣቢያው ከነገዱት መካከል ግሪኮችም ነበሩ። አሮጌው ባቡር ዛሬ ቆሟል፤ የጣቢያው ቡፌ ግን የዚያን ዘመን ጠረን አሁንም ይዟል። እኛም እዚያ አረፍ ብለን ቡና ጠጥተን ነው ወደ ሰሜን የወረድነው።

ከዚችው ጣቢያ በ1928 ሦስት አውሮፓውያን ከግመሎቻቸውና ከአገር ልጆች ጋር ተነሡ፤ ኔስቢት፣ ፓስቶሪና ሮዚና። ደናክልን ከደቡብ እስከ ሰሜን አቋርጠው ኤርትራ ወጡ። ኔስቢት ጉዞውን በመጽሐፍ አወጣ። መጽሐፉ በእንግሊዝ ሲታተም ርዕሱ «በረሃና ደን» የሚል ጨዋ ርዕስ ነበር። በ1935 አሜሪካ ሲታተም ግን ርዕሱ ወደ «የፍጥረት የሲኦል ጉድጓድ» ተለወጠ። ያው መጽሐፍ፣ ያው ጉዞ፣ ያው ሕዝብ። የተለወጠው ገበያው ነው።

ሃዴስን አፋር ላይ ያስቀመጠው ማን እንደሆነ አገኘነው መሰለን፤ የመጽሐፍ ሽፋን።

ከዚያ ወዲህ ማን ይመልሰው? አፋሮች «ኤርታ አሌ» ያሉት ተራራ በቋንቋቸው «የሚጨስ ተራራ» ነው፤ አለቀ። ያዩትን ነው የተናገሩት። የቱሪስት ማስታወቂያው ግን «የሲኦል በር» አደረገው። ዳሎል በ1960ዎቹ በተመዘገበው መረጃ የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.4 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሆኖ ሰው ከሚኖርባቸው ቦታዎች ሁሉ የሞቀው ተባለ። እውነት ነው፣ ይሞቃል። ይሁን እንጂ «ሰው ከሚኖርባቸው» የሚለውን ቃል ዘለነው። ሲኦል ውስጥ ሰው አይኖርም፤ አፋር ውስጥ ይኖራል።

ከኔስቢት አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1933 መጨረሻ፣ ሌላ ወጣት ከአዋሽ ጣቢያ ተነሳ፤ አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲጀር። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ አዋሽ ባሕር ሳይደርስ የት ይገባል? ወንዙን ተከትሎ አውሳ ገባ፣ ሡልጣን መሐመድ ያዮን አገኘ፣ አዋሽ አቤ ሐይቅ ገብቶ እንደሚያልቅ አይቶ በ1934 ታጁራ ወጣ። ቴሲጀርም ስለ ግዳይና ስለ ደም ብዙ ጽፏል፤ ያም የራሱ ዓይን ነው። ግን አንድ ነገር ትቶልናል። አፋሮች ለሞቱ ሰዎቻቸው የሚሠሩትን የድንጋይ መታሰቢያ መዝግቧል፤ ስሙን «ዳስ» ይለዋል። ለታወቀ ተዋጊ ከመታሰቢያው ፊት ቀጥ ያሉ ድንጋዮች በረድፍ ይተከላሉ፤ እያንዳንዱ ድንጋይ በእጁ የወደቀ አንድ ሰው ነው። እንግዲህ የዚህ አገር የሙታን ሐውልት ይኼ ነው። ጢም የለው፣ ውሻ የለው፣ በትር የለው። የሟቹን ሕይወት በድንጋይ የሚቆጥር ነው።

ከመሬት በታች ያለው

ገዋኔን ስታልፉ ከአዋሽ ማዶ በስተምዕራብ ቡሪ የሚባል አካባቢ አለ። እዚያ ሄርቶ በምትባል መንደር በ1997 ሦስት የራስ ቅሎች ተገኙ፤ የሁለት አዋቂዎችና የአንድ ሕፃን። ዶክተር ብርሃነ አስፋውና ቲም ዋይት ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2003 ግኝቱን አሳተሙ። ዕድሜያቸው ከ154 ሺህ እስከ 160 ሺህ ዓመት ነው። ከጥንታውያኑ የዘመናዊ ሰው ዘሮች መካከል ናቸው። ስማቸውም «ኢዳልቱ» ተባለ፤ በአፋርኛ «ሽማግሌ» ማለት ነው።

ከሁሉ የሚደንቀው የሕፃኑ ነው። ቅሉ ላይ በድንጋይ ስለት ሥጋው በጥንቃቄ የተገፈፈበት ምልክት አለ፤ ገጹ ደግሞ በተደጋጋሚ በእጅ ሲያዝ እንደኖረ ነገር ለስልሷል። ተመራማሪዎቹ የሙታን ሥርዓት ሳይሆን አይቀርም አሉ። አንድ ሰው ያን ቅል ይዞ ኖሯል፤ አልጣለውም። ግሪክ ሳትኖር፣ አክሱም ሳትኖር፣ ሃዴስ የሚባል ስም ሳይኖር፣ አዋሽ ዳር ሰዎች ለሙታናቸው አንድ ነገር ያደርጉ ነበር። ትንሽ ወደ ሰሜን ደግሞ ሐዳር ላይ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተኝታ ጠብቃናለች።

አሁን «ፕሉቶን» የሚለውን ስም አስታውሱ፤ ሀብት ሰጪው። ከአፋር መሬት ሥር የወጣውን ቁጠሩ። ጨው፦ የአሞሌው ጨው በዚህች አገር ገበያ ለዘመናት እንደ ገንዘብ ሠርቷል። አጥንት፦ የሰው ልጅ ሁሉ የትውልድ ማስረጃ። እንፋሎት፦ ከሰመራ ብዙም ሳይርቅ፣ ዱብቲ አካባቢ በተንዳሆ፣ በ1990ዎቹ የተቆፈሩት ጉድጓዶች ለኤሌክትሪክ ሊውል የሚችል ትኩስ እንፋሎት እንዳለ አሳይተዋል። መስፈሪያው ሙሉ ነው። ጥያቄው ለማን ይሰፈራል የሚለው ነው። አገሩን «ሲኦል» ካልነው ከዚያ የሚወጣው ሁሉ ባለቤት የሌለው ይመስለናል። ከሲኦል ሲወሰድ ማን ይጠየቃል?

ምደባ

እዚህ ላይ አንድ ኑዛዜ አለን። ከመካከላችን አንዱ የሰመራ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ነው። ምደባ የወጣ ዕለት አልቅሷል፤ ቤተሰቡም አብሮ አልቅሷል። ጎረቤት «አይዞን፣ ይለመዳል» ሊል እንደ ለቅሶ ቤት መጣ። የመንግሥት ሠራተኛም ወደዚያ ሲላክ «ለቅጣት ነው» ይባላል። ልጁ ግን ሄደ። ሙቀቱ እንደተባለው ነው፤ ሌሊት ፍራሽ አውጥቶ ደጅ ነው የተኛው። ከዚያ ግን መንገድ ላይ ሁለት አፋሮች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን አንድ ሳያስቀሩ የሚለዋወጡበትን ዳጉ አየ። የማያውቀው ሽማግሌ ወተት አቀረበለት። በሁለተኛው ዓመት ለዕረፍት አዲስ አበባ ሲመጣ «ከሲኦል መጣህ?» ላሉት ጓደኞቹ መሳቅ አቃተው። በዚህ ጉዞ መሪያችን እሱ ነበር።

ሁለተኛው ኑዛዜ የሁላችንም ነው። በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌና በዶፋን ዙሪያ መሬት ተንቀጠቀጠ። በታኅሣሥና በጥር አይሎ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለነውንም ከእንቅልፍ ቀሰቀሰን። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ትተው ወጡ። ያን ሰሞን ስልካችን ላይ ምን ነበር? «የሲኦል በር ተከፈተ» የሚል ቀልድ። ከእኛም ያስተላለፈ አለ። ኅዳር 2018 ዓ.ም. ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ህንድ ሲደርስም ያው ቀልድ ተመለሰ። የአፍዴራ አካባቢ እረኛ ግን አመድ የለበሰ ግጦሽ ላይ ፍየሎቹን ይዞ ቆሞ ነበር።

ሳይንሱ የሚለው ሌላ ነው። እዚህ የምድር ቅርፊት እየተሰነጠቀ ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ዳባሁ አካባቢ መሬቱ በ60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ተከፍቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተራርቋል፤ ከሥር የወጣው ቅልጥ ድንጋይ ነው የከፈተው። ከመሬት ሥር ቀዝቅዞ የሚጠጥረውን ድንጋይ የጂኦሎጂ ሰዎች በፕሉቶን ስም ይጠሩታል። ስሙን ወሰዱት፣ ፍርሃቱን ግን ተዉት። መለኪያ ተከሉ፣ ቆጠሩ፣ አስጠነቀቁ። ስም ከሰጡ አይቀር እንደዚህ ነው። «ሲኦል ነው» ማለት «የሚደረግ ነገር የለም» ማለት ነው፤ «ስምጥ ሸለቆ ነው» ማለት ግን «ቤቱ እንዴት ይሠራ? ሰው ወዴት ይውጣ? ማን ይርዳው?» ወደሚል ጥያቄ ይወስዳል።

መደምደሚያ፣ ከእማማ ጋር

ከሰመራ ስንመለስ አንድ ቁራጭ የአፋር ጨው ይዘን መጣን። አከራያችንን ቁጭ አድርገን ታሪኩን ነገርናቸው፤ ሰውዬው ሰይጣን እንዳልሆነ፣ ስሙ «ሀብት ሰጪው» እንደሚባል፣ አናቱ ላይ ያለው የእህል መስፈሪያ እንደሆነ። እማማ ጨውን አገላብጠው አዩትና ምን አሉ መሰላችሁ?

«እንዲህ ያለ ጨው የሚወጣበትን አገር ነው ሲኦል የምትሉት? እናንተ ናችሁ እንጂ ሰውዬው ምን አደረገ!»

ሐውልቱ አሁንም ከቴሌቪዥኑ ጎን ነው፤ ከውሻው ፊት ጨው ተቀምጧል። አበው «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። ለሰው ከሆነ ለአገርም ነው። ግሪኮች የሙታንን ንጉሥ እንኳ ስሙን ለመጥራት ተጠንቅቀዋል። እኛ በሕይወት ያለ ሕዝብ የሚኖርበትን አገር በሙታን አገር ስም ስንጠራ ቢያንስ አንድ ጊዜ ቆም ብለን እናስብ።

በሚቀጥለው «ሰመራ ደረሰኝ» የሚል ታናሽ ወንድም ወይም እህት ካላችሁ ለቅሶ አትቀመጡ። ባርኔጣ ግዙላቸው፤ ዳጉ ይዘው እንዲመለሱም ንገሯቸው።

ቸር እንሰንብት።